ጧሪ የሌላቸውን በየቤታቸው መጎብኘት፦ አንድ አጥቢያ ከቅጽሩ ወጥቶ እንዴት ያገለግላል

በገናና በፋሲካ ዋዜማ በብዙ አጥቢያ ዘይትና ዱቄት ይገዛል፣ ነዳያን በቅጽሩ ውስጥ ይሰለፋሉ፣ ማዕድ ይጋራል። መልካም ሥራ ነው፣ ሊቀርም አይገባም። ግን እዚያ ሰልፍ ላይ የምናየው በእግሩ መምጣት የቻለውን ሰው ብቻ ነው። ከአጥሩ ጀርባ፣ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ፣ ፖፖ የሚያቀርብለት ሰው እየጠበቀ የሚውል አረጋዊ ቅዳሴውን የሚሰማው ከድምፅ ማጉያው ነው። የበዓሉ ዘይት እርሱ ጋ አይደርስም፤ ቢደርስም ወጥ የሚሠራለት የለም።

ይህ ጽሑፍ በአልጋ ላይ ለዋሉና ጧሪ ለሌላቸው ሰዎች ቋሚ የቤት ለቤት ጉብኝት ለመጀመር ለሚያስቡ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት፣ ለጽዋ ማኅበራትና ለሰበካ ጉባኤያት ነው። ከምንም በላይ እንድትይዙልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ፦ ያው ሁለት ሰው፣ ወደ ያው ቤት፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ ቀን ሳያዛንፉ ይሂዱ። ይህ ከተጠበቀ ትንሽ ገንዘብ ብዙ ይሠራል። ካልተጠበቀ ብዙ ገንዘብም እንደ በዓሉ ዘይት ወር አይሞላም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ መበለቶች ተረሱ የሚል ማጉረምረም ሲነሣ ሐዋርያት ሰባት ሰዎች አስመርጠው ለዚሁ ሥራ ሾሙ። የተረሱት ቋንቋቸው የተለየ፣ ለአዳዮቹ እንግዳ የሆኑ መበለቶች ነበሩ። ዛሬም በአጥቢያ የሚረሳው አዳዩ በስም የማያውቀው ሰው ነው። ስለዚህ ሥራው ከስም ዝርዝር ይጀምራል።

ስሙን ከየት ማግኘት፣ ማንን ማሰማራት

በመጀመሪያ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተነጋግራችሁ ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ አስይዙ። ሰበካ ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. በወጣው፣ ቃለ ዓዋዲ በተባለው የቤተ ክርስቲያን ደንብ ከተዋቀረ ጀምሮ ካህናትና ምእመናን አብረው የሚመክሩበት ነው፣ የወጣቶችም ወኪል አለበት። ሦስቱም ወገን ያስፈልጋል። ወጣቶች ብቻቸውን የጀመሩት ጉብኝት ሰኔ ላይ በፈተና ሰሞን ይቋረጣል፤ እናቶች ብቻቸውን የያዙት በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጅ ጥናት ይደክማል፤ ካህን የሌለበት ደግሞ ወደ በኋላ የምናነሣው የጾምና የመድኃኒት ጉዳይ ላይ ሲደርስ መልስ ያጣል።

ለስም ዝርዝሩ ሦስት ሰዎችን ለየብቻ ጠይቁ። የንስሐ አባቶች የማይመጡትን ልጆቻቸውን ያውቃሉ። የዕድር ጸሐፊው መዋጮ ያቆመውንና ለቅሶ መድረስ የተወውን በመዝገቡ ያየዋል፤ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ደግሞ ከጸሐፊውም ይበልጥ የእያንዳንዱን በር ያውቃል። ሦስተኛዋ የአካባቢው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ከሦስቱ በሁለቱ የተጠቀሰ ስም ቅድሚያ ይሰጠው። በቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ «የተቸገረ ይመዝገብ» ብሎ መጥራትን አንመክርም። የሚመዘገበው መናገር የሚችለው ነው፤ የምትፈልጉት ሰው ግን ገመናውን ከሚገልጥ ጦሙን ማደር ይመርጣል።

በአምስት ቤት ጀምሩ። ሦስት ወር ሳይቋረጥ ከሄደ ወደ አሥር፣ ከዚያ ወደ አሥራ ሁለት ከፍ ማድረግ ይቻላል። ለአሥራ ሁለት ቤት ስድስት ጥንድ ጎብኚ፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ቤት፣ በተጨማሪም የታመመ ወይም የተጓዘ ጎብኚን የሚተኩ ሁለት ተጠባባቂዎች ይበቃሉ። አንድ ሰው ብቻውን ወደ ማንም ቤት አይግባ፤ ይህ ሕግ ለካህንም ይሠራል። ከጥንዱ አንዷ ቤት ያስተዳደረች፣ ሕመምተኛ ያስታመመች እናት ብትሆን ይመረጣል፣ ሌላው ወጣት። ሴትን የምታጥበው ሴት ናት፤ ወንድ አረጋዊም በወጣት ሴት መታጠብን ያፍራል፣ ባይናገረውም። ቀኑ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ቢሆን ከቅዳሴም ከሰንበት ጉባኤም አይጋጭም። አንድ ጉብኝት ከአርባ አምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ዕቃ ማድረስ ነው።

ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ጎረቤት በዝርዝሩ ውስጥ ቢገኝ እንደ ማንኛውም ሰው ይጎብኝ። በበዓል ሥጋ የምታከፋፍሉ ከሆነ ግን ለሙስሊሙ ቤት ከእኛ እርድ አይላክ፤ በምትኩ ምስር፣ ሩዝ ወይም ቴምር አድርሱ። ስብከት ከጉብኝቱ ጋር አይያያዝ። «አባ መስቀል ያሳልሙኝ» ያለ ሰው ካህን ይምጣለት፤ ያላለ አይገደድ።

«ተመስገን» ሲሉ

በመጀመሪያው ጉብኝት «ምን ቸገረዎት?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ተመስገን ልጄ፣ ምን ጎሎኝ።» ይህ ውሸት አይደለም፣ ክብር ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ቀንሱና ዓይናችሁን ተጠቀሙ። ውሃ የሚቀዳበት ጀሪካን ሙሉ ነው ወይስ ባዶ? እንጀራው ከመቼ ነው? ክኒኑ ከታሸገበት ወጥቷል ወይስ እንዳለ ነው? የእግር ጥፍር ስንት ጊዜ ሳይቆረጥ ቆይቷል? አንሶላው ይሸታል? ከአልጋ እስከ በር መንገዱ ላይ የሚጥል ምንጣፍ ወይም ገመድ አለ? መብራት አምፖሉ ይሠራል?

ቡና ተፈልቶ «ጠጡ» ከተባላችሁ ጠጡ። ከድሃ ቤት ቡና አልጠጣም ብሎ መነሣት እንደ ርኅራኄ ይታሰባል፣ ለባለቤቷ ግን ንቀት ነው። እማማን እማማ፣ አባባን አባባ ብላችሁ «እርስዎ» እያላችሁ አነጋግሩ፤ ጆሮ የከበደውን በቅርብና በዝግታ እንጂ በጩኸት አታናግሩ። ፎቶ ፈጽሞ አይነሣ። ባነር፣ ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት፣ በመኪና ተጭኖ በሰፈር መሐል መውረድ አይኑር። ዕቃው በተራ ፌስታል፣ እንደ ዘመድ ጥየቃ ይግባ።

ከጉብኝቱ በኋላ አንድ ደብተር ላይ አጭር ማስታወሻ ይጻፍ፦ ቀን፣ የታየው፣ የተሠራው፣ ለሚቀጥለው ቃል የተገባው። ደብተሩ በአንድ ሰው እጅ ይቆለፍበት። በቤት የታየ ነገር በአውደ ምሕረትም በማኅበርም አይነገር። በአንድ ሰው አፍ የወጣ ገመና የሌሎቹን ቤቶች በር ይዘጋል፤ ከዚህ የፈጠነ የአገልግሎት መፍረሻ አላየንም።

ምን ይዞ መሄድ

ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ በብር ሳይሆን በዓይነትና በመጠን አስሉ። ለብቻው ለሚኖር አንድ አረጋዊ ለወር፦ ሽሮ 2 ኪሎ፣ ምስር ክክ 1 ኪሎ፣ ዘይት 1 ሊትር፣ ሩዝ ወይም መኮሮኒ 2 ኪሎ፣ በሶ ወይም የአጃ ዱቄት 1 ኪሎ፣ ስኳር 1 ኪሎ፣ ቡና ሩብ ኪሎ፣ የገላ ሳሙና 2፣ የልብስ ሳሙና 3፣ ሶፍት 4። ሁሉም የጾም ስለሆነ ረቡዕም ዓርብም፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀንም አይጣልም። ደም ግፊት ላለበት ጨው ያልገባበት ሽሮ፣ ጨጓራ ለሚያመው አልጫ ሽሮ ለይታችሁ አዘጋጁ። ቡናውንና ስኳሩን ቅንጦት ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ቡና ያለበት ቤት ግን ጎረቤት ይገባበታል፤ ሰው የናፈቀው አረጋዊ ከምስሩ ይልቅ በቡናው በኩል ሰው ያገኛል።

እንጀራ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ጤፍ ወይም ዱቄት ይሰጡና የሚያቦካ፣ የሚጋግር የለም፤ ዱቄቱ ነቅዞ ይገኛል። ሠላሳ እንጀራ በአንዴ ማምጣትም አይሆንም፣ በተለይ በክረምት በሦስት በአራት ቀን ይሻግታል። የሚሻለው እዚያው ሰፈር እንጀራ ከምትሸጥ ሴት ጋር መስማማት ነው፦ በየሦስት ቀኑ አራት እንጀራ ታደርሳለች፣ ሒሳቡ በወሩ መጨረሻ ለእርሷ ይከፈላል። ይህ ሌላም ጥቅም አለው፤ በወር አሥር ጊዜ በሩን የሚያንኳኳ ሰው አለ ማለት ነው፣ ነገሩ ሲከፋ መጀመሪያ የምትደውለው እርሷ ናት። ወጥ የሚሠራም ከጎረቤት ይፈለግ። ለምታበስለው ጎረቤት ከዘይቱና ከሽሮው የራሷ ድርሻ በግልጽ ይመደብላት፤ በድብቅ ከመውሰድ ትድናለች፣ እናንተም ከመጠርጠር።

ገንዘቡ በደብሩ ካርኒ ይሰብሰብ፣ በሁለት ፊርማ ከሚወጣ ሒሳብ ይከፈል። ጎብኚ በእጁ ብር አይስጥ፣ አያበድርም። በየወሩ ለአሥራ ሁለቱ ቤት የሚበቃ ቋሚ መዋጮ ከሌላችሁ ቤቱን ቀንሱ። በውጭ አገር ያሉ የአጥቢያው ልጆች ብዙ ጊዜ ይረዳሉ፣ «የረዳነውን ሰው ፎቶ ላኩልን» ማለታቸውም አይቀርም። በፎቶ ፈንታ በወሩ ስንት ጉብኝት እንደ ተደረገ፣ ምን እንደ ተገዛ፣ ምን እንደ ቀረ ስም ሳይጠቀስ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ላኩ። በየወሩ ሳይቋረጥ ከደረሳቸው ፎቶ መጠየቃቸውን ይተዋሉ።

አልጋ ላይ የዋለ ሰው

ከቡድኑ ቢያንስ ሁለት ሰው በጤና ጣቢያ ነርስ እጅ አንድ ቀን የሚሆን ልምምድ ይውሰድ። ለጥንዱ የሚያስፈልገው ቦርሳ ቀላል ነው፦ ጓንት፣ ሳፋ፣ ሁለት ፎጣ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ጥፍር መቁረጫ፣ ከአንሶላ ሥር የሚነጠፍ ላስቲክ፣ ዳይፐር፣ በረኪና።

ትልቁ ጠላት የአልጋ ቁስል ነው። ራሱን መገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ መቀየር አለበት። እናንተ በየሁለት ሳምንቱ ስለምትሄዱ ይህን የምታደርጉት እናንተ አይደላችሁም፤ ሥራችሁ አብሮት የሚያድረውን ሰው ማስተማርና ግድግዳው ላይ በትልቁ መጻፍ ነው፦ በግራ፣ በጀርባ፣ በቀኝ። በሄዳችሁ ቁጥር ተረከዙን፣ ዳሌውንና ከወገብ በታች ያለውን አጥንት እዩ። የቀላ ቦታ ካለ በጣት ተጫኑት፤ ጣት ሲነሣ መቅላቱ ካልጠፋ ቁስሉ ተጀምሯል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላት ስለማይታይ የሚሞቅ ወይም የጠነከረ ቦታ በእጅ ፈልጉ። ያንን ቦታ አትሹት፣ ማሸት ሥር ያለውን ሥጋ ይጎዳል። ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ ቅጠል አይደረግበት። ከተላጠ ወይም ከሸተተ የጤና ባለሙያ ይጠራ።

ሲመገብ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኛ፤ ተኝቶ የሚጎርስ ሰው ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል። ሽንቱን ላለማብዛት ውሃ የሚተው ብዙ ነው፤ ይህ ግራ መጋባትና የሽንት ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ቤተሰቡም «ጃጁ» ብሎ ይተዋቸዋል። ተቅማጥ ከያዘው አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (የተዘጋጀ የስኳርና የጨው ዱቄት) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥበጥ። ካልተገኘ በአንድ ሊትር ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይተካዋል። ጨው ከዚህ መብለጥ የለበትም። ደም ወይም ሰገራ የነካውን ወለል ለማጽዳት አንድ እጅ የ5 ፐርሰንት በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ይቀላቀል፤ በዚህ ሰውነት አይታጠብም። ለድንገተኛ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 መሆኑን በሩ ላይ ጻፉ።

ጾም፣ ጸበልና መድኃኒት

አጥቢያው ከማንኛውም ድርጅት የተሻለ ሊሠራ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። የደም ግፊት ክኒን የሚወስዱ አረጋውያን ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ይውጡታል፣ ሳያማቸው ደግሞ ያቆሙታል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲቆዩ የጠዋቱ ክኒን ይዘለላል። የስኳር ሕመምተኛ መርፌውን ወስዶ ሳይበላ ሲቆይ ስኳሩ ይወርድና ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይቀባዥራል። በዚያን ጊዜ መዋጥ ከቻለ ወዲያው ስኳር የበዛበት ውሃ ወይም ለስላሳ ይጠጣ፤ ራሱን ከሳተ ምንም ወደ አፉ አይጨመር፣ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ነርሷ «ይጾሙ ዘንድ አይገባም» ብትል እማማ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ እንጂ አይሰሙም። የንስሐ አባት ግን አልጋው አጠገብ ተቀምጠው «ልጄ፣ ሕመምተኛ ነሽ፣ መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ፣ እኔ ፈቅጄልሻለሁ» ሲሉ ነገሩ ያልቃል። ስለዚህ ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው ሳምንት የመድኃኒት ተጠቃሚዎቹን ዝርዝር ለንስሐ አባቶች ስጡና እያንዳንዳቸውን እንዲጎበኙ ለምኑ። ቁርባን የሚቀበሉም ካሉ ክኒኑ የሚወሰድበት ሰዓት በካህኑና በሐኪሙ ምክር አስቀድሞ ይወሰን።

ጸበልም እንዲሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ ሊወሰድ እንደሚችል፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ ተናግረዋል። መድኃኒቱን ጥሎ ጸበል ቦታ የሚከርም ሰው ካገኛችሁ ክርክር አትጀምሩ፤ ካህን ይዛችሁ ሂዱና ይህንኑ ያስረዱት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለወራት ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው፤ ትንሽ ሲሻል ማቆም ሕመሙን መድኃኒት የማይበግረው ያደርገዋል።

ወረቀትና ዕድር

ከአልጋ የማይነሣ ሰው መብቱ የሚያመልጠው በወረቀት ነው። የቀበሌ መታወቂያው ጊዜው ካለፈ የጤና መድኑም፣ ሴፍቲኔቱም፣ ጡረታውም ይሰናከላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነት በየዓመቱ ይታደሳል፤ መክፈል ለማይችሉ መንግሥት የሚሸፍንበት ዝርዝርም አለ፣ ዝርዝሩ ሲወጣ ግን በስብሰባው ያልታየ ሰው ይዘለላል። የእያንዳንዱን ቤት የእድሳት ወር በደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉና ከወሩ በፊት ወረዳ ሂዱ። የፋይዳ (የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ምዝገባ ነጻ ነው፣ ነገር ግን የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ፎቶ በአካል ስለሚወሰድ ሰውየውን በመኪና ማድረስ ወይም ተንቀሳቃሽ መዝጋቢ መጥቶ እንዲመዘግበው በደብዳቤ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የቀበሌ ቤት ነገር ላይ ግን ቁርጥ ያለ ሕግ ይኑራችሁ። አረጋዊ ሲደክም ቤቱን የሚፈልግ ዘመድም ደባልም ይበዛል። ጎብኚ ቁልፍ፣ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር አይያዝ፤ ውክልና አይውሰድ፤ በኑዛዜ ላይ ምስክር ሆኖ አይፈርም። አንድ ጎብኚ ለቤቱ ሲል ነው የሚሄደው ከተባለ ደብሩ በሙሉ ይታማል።

በብዙ ቤት ከረኀቡም ከሕመሙም የሚከብደው ፍርሃት ቀባሪ ማጣት ነው። ዕድራቸው በውዝፍ የተቋረጠባቸውን ውዝፉን ክፈሉና አስመልሷቸው፣ ወርኃዊውንም ቀጥሉ። በወር የሚወጣው ከአንድ ሊትር ዘይት ያነሰ ሆኖ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ለአረጋዊው ግን ከተሰጠው ሁሉ ይበልጥበታል። የዕድር ሰዎች ተመልሰው መጠየቅ ሲጀምሩ የቤቱ መልክ ይለወጣል። ዕድር የማይቀበላቸው ካሉ ስለ መቃብር ቦታ፣ ስለ ግንዘትና ስለ ፍትሐት ከደብሩ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙና «እኛ አለን» ብላችሁ በካህን አፍ ንገሯቸው።

የሚያፈርሱት ነገሮች

ከሁሉ የሚብሰው ዘመድና ጎረቤት «ቤተ ክርስቲያን ይዟቸዋል» ብለው መሸሻቸው ነው። ይህ የሚመጣው ሁሉንም ነገር ራሳችሁ ስትሠሩ ነው። ጎረቤቷ ውሃ ትቀዳ ከነበረ ትቀጥል፤ የወንድም ልጅ በወር አንዴ ይመጣ ከነበረ ቀኑን ጠይቁና በዚያ ቀን አትሂዱ፣ ቦታውን አትውሰዱበት። ሌላው የጎብኚ ድካም ነው። በየሦስት ወሩ ጎብኚዎችን ሰብስባችሁ ስሙአቸው፣ ከባዱን ቤት የያዘ ጥንድ በዓመት አንዴ ይቀየር፤ ሲቀየርም አሮጌውና አዲሱ ጥንድ ሁለት ጊዜ አብረው ይሂዱ። መሄድ ያልተቻለበት ሳምንት ካለ አስቀድሞ ይደወል። አረጋዊት ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዋን አጥባ፣ ቡናዋን ቆልታ ትጠብቃለች።

ሰው ሲያርፍ በዝርዝሩ ላይ ወዲያው ሌላ ስም አትተኩ። ጎብኚዎቹ ለቅሶ ይቀመጡ፣ በአርባው ቀን ይገኙ። የቀረ ባል ወይም ሚስት ካለ ጉብኝቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ይቀጥል፤ ያረፈው ብቻ ሕመምተኛ መስሎን ሳናየው የቀረ ሁለተኛ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ በዚያ ቤት ይገኛል።